የጥበብ ሥራ በልጅ ልብ ከምን እንደሚነሣ

ሠዓሊ ወይም ዘፋኝ ወይም ሐውልት ቀራጭ የሆነ ሰው በታየ ጊዜ ብዙዎች «ይህስ ከእናቱ ማሕፀን ጀምሮ የተሰጠው ነው» ብለው ነገሩን በዚያው ይዘጉታል። አነጋገሩ ሐሰት አይደለም፤ ስጦታ የሌለው ሰው በትጋት ብቻ ከከፍተኛ ደረጃ ሲደርስ እምብዛም አይታይምና። ነገር ግን ስጦታን መምህርም ቢሆን ሽማግሌም ቢሆን ለልጅ ሊሰጠው አይችልም። ስለዚህ በእጃችን ያልሆነውን ትተን በእጃችን ያለውን ብንመረምር ይሻላል፤ ይኸውም ስጦታው ያለው ልጅ መጀመሪያ እጁን ወደ ከሰል፥ ወደ ጭቃ፥ ወደ ክራር እንዲዘረጋ የሚያደርገው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ነው። ይህች ጽሑፍ የተዘጋጀችው ለገጠር ተማሪ ቤት መምህራንና ማንበብ ለሚችሉ ያገር ሽማግሎች ስለ ሆነ፥ ምሳሌውን የምናወጣው ከቢሾፍቱ ጀምሮ በአዳማና በዝዋይ በኩል እስከ ሻሸመኔ ካለው ከስምጥ ሸለቆው አገር፥ እንዲሁም ከጎረቤቶቹ ነው።

አስቀድመን አንድ ነገር እንለይ። ሥዕልን ማየትና ሥዕል ሲሣል ማየት አንድ አይደለም። የተፈጸመ ሥዕል ያየ ልጅ ይደነቃል፤ ሲሣል ያየ ልጅ ግን እጁን ይበላዋል። መሥመሩ ከየት እንደ ተጀመረ፥ ሠዓሊው የት ላይ እንዳመነታ፥ የተበላሸውን እንዴት አድርጎ እንዳቃናው ስላየ፥ ነገሩ በሰው እጅ የሚሠራ መሆኑን ያምናል። ያገራችንን ጠቢባን የልጅነት ታሪክ ብንመረምር፥ በአጠገባቸው ሲሠራ የታየ አንድ ሰው ደጋግመን እናገኛለን።

የአቶ ገብረ ክርስቶስ ደስታን ነገር እንመልከት። በሐረር ከተማ ተወለዱ፤ አባታቸው አለቃ ደስታ ነገዎ የቤተ ክህነት ሰው፥ የብራና ጸሐፊና ሠዓሊ ነበሩ። ልጃቸው ወደ ጀርመን አገር ሄደው በኮሎኝ ከተማ ተምረው ሲመለሱ ያሳዩት ሥዕል ግን በመልኩ ከአባታቸው ሥራ ጋር የማይገናኝ ነበረ። ብዙው ሥዕላቸው ሰውም ዛፍም መልአክም የማይታይበት፥ በቀለምና በቅርጽ ብቻ የሚናገር ነው። ስለዚህም ባዕድ ነገር አመጡ ተብለው ተነቅፈዋል። እኔ ከቁም ጽሕፈት መምህር ሥር ቁጭ ብዬ የተማርሁ ሰው ስሆን፥ ይህን ነቀፋ ለመቀበል አስቸጋሪ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ምክንያቱንም እንደሚከተለው አስረዳለሁ።

ብራና በሚጻፍበት ቤት ያደገ ሕፃን ምን ያያል? አስቀድሞ የፍየሉ ቆዳ በውኃ ሲዘፈዘፍ፥ ከእንጨት መወጠሪያ ላይ ተወጥሮ ሥጋውና ጠጉሩ ሲፋቅ፥ በድንጋይ ተፈትጎ ሲለሰልስና ሲነጣ ያያል። ከድስትና ከምጣድ ሥር የተጠረገው ጥቀርሻ ከተቆላ እህል ጋር ተወቅጦ፥ በውኃ ተለውሶ፥ ለብዙ ጊዜ እየታሸ ቀለም ሲወጣው ያያል። መቃው በቢላዋ ተቀርጾ ብርዕ ሲሆን፥ ቀለሙም በቀንድ ሲቀዳ ያያል። ጸሐፊው ብራናውን በወስፌ እየወጋ መሥመሩን ካቀና በኋላ ጥቁሩን ይጽፋል፤ ለቅዱሳን ስም የሚሆነውን ስፍራ ባዶ ትቶ ኋላ በቀይ ይሞላዋል። በገጹም ራስ ላይ ሐረግ ይጥላል። ሐረጉ ከአንዱ ቋጠሮ ወደ ሌላው ቋጠሮ እየዞረ፥ ቢጫው ከቀዩ ሥር እየገባ፥ ሰማያዊው ከላይ እየተሻገረ ሲሄድ ሕፃኑ ዓይኑን ሳይነቅል ይከተለዋል። ልብ በሉ፤ ሐረግ ሰውም ዛፍም መልአክም አይደለም። መሥመርና ቀለም ብቻ ነው፤ ሆኖም ማንም ካህን «ይህ ምንድር ነው?» ብሎ ሲጠይቅ አልሰማሁም። እንግዲህ እንደዚህ ካለ ሙያ መካከል የተወለደ ሰው ጎልማሳ ሆኖ በመሥመርና በቀለም ብቻ ቢናገር ምን ያስደንቃል? ከጀርመን አገር ያገኙት ዕውቀት ብዙ መሆኑ አይካድም፤ የመጀመሪያው ዘር ግን በሐረር የተዘራ ይመስለኛል። አቶ ገብረ ክርስቶስ ገጣሚም ነበሩ፤ በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በስደት ሳሉ አረፉ።

የእኔ የቁም ጽሕፈት መምህር አንድ ልማድ ነበራቸው። ከብራናው ጠርዝ ተቆርጦ የሚወድቀውን ቁራጭ አይጥሉትም ነበር፤ ሰብስበው በቤታቸው ደጅ ለሚሯሯጡት ሕፃናት ያድሉት ነበር። ከቀለሙም ቀንድ ሥር የቀረውን አተላ ይሰጧቸው ነበር። ሕፃናቱ የጻፉት ፊደል አልነበረም፤ ዶሮ ነበር፥ በሬ ነበር፥ አንዳንድ ጊዜም የመምህሩ የራሳቸው ጢም ነበር። መምህሩም ጢማቸውን አይተው ይሥቁ ነበር። ከእነዚያ ሕፃናት አንዱ ዛሬ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የሚሥል ሰው ሆኗል። የመምህሩም የሀብታቸው ወጪ ብጣሽ ቆዳና ጥቂት አተላ ነበረ።

እንዲሁም አቶ አለ ፈለገ ሰላም በሰላሌ ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች ወገን ተወለዱ። በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ ተምረው ከተመለሱ በኋላ በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ተማሪ ቤት አቋቋሙ፤ አቶ ገብረ ክርስቶስም በዚያ አስተምረዋል። ተማሪ ቤቱ ዛሬ በመሥራቹ ስም ይጠራል።

ነገር ግን ሁሉ ሰው በጸሐፊና በሠዓሊ ቤት አይወለድም። መምህራን ሆይ፥ በፊታችሁ ከተቀመጡት ልጆች አብዛኞቹ የገበሬና የከብት አርቢ ልጆች ናቸው፤ ወይም አባታቸው ሾፌር፥ እናታቸው በገበያ ቸርቻሪ ናት። ለእነዚህስ ምን ተስፋ አላቸው? ስለዚህ ነገር የቢሾፍቱን ሰው የአቶ ለማ ጉያን ታሪክ ማሰብ ይገባል።

አቶ ለማ በቢሾፍቱ አጠገብ በአድአ ምድር በገጠር ተወለዱ። በአየር ኃይል አገልግለዋል፤ ኋላም በዚያው በቢሾፍቱ የሥዕል ቤተ መዘክርና ማስተማሪያ ከፍተው ብዙ ወጣቶችን አስተማሩ። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ ዕድሜያቸው ከዘጠና ዓመት አልፎ ነበር። ስማቸው ከሁሉ ይልቅ የታወቀው ሥዕላቸውን በፍየል ቆዳ ላይ በመሥራታቸው ነው። ከውጭ አገር የሚመጣው ሸራና ቀለም ለባለጠጎች እንጂ ለገጠር ልጅ የሚደረስበት አይደለም፤ የፍየል ቆዳ ግን በየቤቱ አለ። ያገራችን የገጠር ልጅ ከጨርቅ አስቀድሞ የሚያውቀው ቆዳን ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በእናቱ ጀርባ የታዘለው በቆዳ አንቀልባ ነው፤ እህሉ የሚጫነው በስልቻ ነው፤ የቆሎ ተማሪ የሚለብሰው ደበሎ ነው። የፍየሉ ቆዳ የትኛው ስፍራ ስስ፥ የትኛው ወፍራም፥ የትኛው ነጭ፥ የትኛው ዳማ እንደ ሆነ በጣቱ ዳስሶ ያደገ ልጅ፥ ያንን ቆዳ ለሥዕል ሲያነሣው ባዕድ ነገር አላነሣም። ታናናሽ ወንድሞቻቸው አሰፋ ጉያና ቱሉ ጉያም ሠዓሊዎች መሆናቸውን እዚህ ላይ ማስታወስ ያሻል። ሦስት ወንድማማች ሁሉ በአንድ ጊዜ ከሰማይ ስጦታ ወረደላቸው ማለት ይቻላል፤ እኔ ግን ታናሽ የታላቁን እጅ ማየቱ ብዙ ነገር ሠርቷል እላለሁ።

ከቢሾፍቱ ወደ ታች ለሚወርድ ሰው ደግሞ መንገዱ ራሱ መምህር ነው። በቢሾፍቱ፥ በሞጆ፥ በአዳማና በዝዋይ ብዙ ዘመን ሕዝቡን ያመላለሱት የፈረስ ጋሪዎች ናቸው፤ ባለጋሪውም ፈረሱን በቀይ የሱፍ ጥለት አስጊጦ ያወጣው ነበር። ቀድሞ ናዝሬት ትባል የነበረችው አዳማ ከጅቡቲ የመጣው ምድር ባቡር ያሳደጋት ከተማ ናት፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። በዚያች ከተማ ልጆች ከሽቦና ከቆርቆሮ፥ በገጠሩም ከበቆሎ አገዳ፥ ያዩትን መኪና ሁሉ ቀንሰው ይሠራሉ፤ መሪው ይዞራል፥ ጎማው ይሽከረከራል። ይህን ጨዋታ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ያገራችን የተለመደ ችኮላ ነው። እረኛውም በአዋሽ ዳር ከጭቃ በሬ ይሠራል፤ ሻኛውንና ቀንዱን ሲያወጣ በሬው የማን እንደ ሆነ የመንደሩ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። ልጁ ያየውን እንደ ገና ለመሥራት የደከመበት ሁሉ የጥበብ መጀመሪያ ነው።

ከዝዋይ አልፎ ወደ ሻሸመኔ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው በግራና በቀኝ የአርሲ ኦሮሞ መቃብሮችን ያያል። ብዙዎቹ በልዩ ልዩ ቀለም የተሣሉ ናቸው፤ ጦር የያዘ ፈረሰኛ፥ አንበሳ፥ ከብት፥ በኋላ ዘመንም ጠመንጃና አውቶሞቢል ይታይባቸዋል። ሟቹ ማን እንደ ነበረና ምን እንዳደረገ ይናገራሉ። ከተማሪ ቤት ወደ ቤቱ የሚመለስ የአርሲ ልጅ በየቀኑ በእነዚህ ሥዕሎች አጠገብ ያልፋል፤ አዲስ መቃብር ሲሠራም ሠዓሊው ከነቀለም ቆርቆሮው ቁጭ ብሎ ያገኘዋል። ለመግባትም የሚጠይቀው ሰው የለም፤ የሚከፍለውም ዋጋ የለም። በቤቱም እናቱ የወተቱን ጮጮ በዛጎልና በጨሌ ስታስጌጥ፥ አክርማውንና አለላውን እየቆጠረች ስፌት ስትሰፋ ያያል። በዝዋይ ሐይቅ መካከል በቱሉ ጉዶ ደሴት ባለችው በደብረ ጽዮን ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት ይገኛሉ፤ በዮዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ይዘዋቸው መጡ ተብሎ በአፈ ታሪክ ይነገራል። በየከተማውም የቁርአን ተማሪው ሉሕ በሚባለው የእንጨት ሰሌዳ ላይ በጥቀርሻ ቀለም ይጽፋል፤ ቀለሙ የእኛ የቆሎ ተማሪ ከሚጽፍበት ቀለም ጋር ወንድማማች ነው። በሻሸመኔ ደግሞ ከካሪብ ባሕር ደሴቶች መጥተው ከሰፈሩት ከራስ ተፈሪያን አንዱ፥ ምንም ቀለም ሳይጨምር፥ የደረቀ የሙዝ ቅጠል እየቆረጠ በቅጠሉ ተፈጥሮ መልክ ብቻ ሥዕል መሥራቱን ብዙ መንገደኛ ያውቃል። ያገኘውን የተጠቀመ ሰው ነው።

እንግዲህ የሚታይ ነገር በአገሩ ሞልቶ ሳለ ስለ ምን ጥቂቶች ብቻ ይጀምራሉ? ምክንያቱ አንድ ብቻ ባይሆንም ክፉው ምክንያት ንቀት ነው። ሸክላ የሠራችውን ሴት ቡዳ ብለን፥ ብረት የቀጠቀጠውን ቀጥቃጭ ብለን፥ ቆዳ ያለፋውን ፋቂ ብለን፥ የዘፈነውን አዝማሪ ብለን ስንሰድብ ኖረናል። በሸክላዋ እንበላለን፥ በማረሻው እናርሳለን፥ በመሰንቆው ሠርጋችንን እናደምቃለን፤ ልጃችን ከእነርሱ ዘንድ ቁጭ ብሎ ቢገኝ ግን ጆሮውን ይዘን እንመልሰዋለን። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጁት ዐዋጅ ሠራተኛውን ስለ ሙያው መስደብን ከልክለው ነበር። ዐዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆነ፤ ስድቡ ግን በየመንደሩ እስካሁን ይሰማል። የስድቡ ጉዳት በተሰዳቢው ብቻ አይቀርም። የተናቀ ሠራተኛ ከሰው ዓይን ይሸሻል፤ በቤቱ ጓሮ ተሸሽጎ ይሠራል፤ ልጆችም እጁን ሳያዩት ይቀራሉ።

በዚህ ረገድ ከዘፋኞች ወገን የጥላሁን ገሠሠ ታሪክ ይጠቀሳል። በ1933 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተወልዶ በወሊሶ በአያቱ ዘንድ አደገ። በራስ ጎበና ተማሪ ቤት ሲማር፥ ሸዳድ የሚባሉ ከሱዳን አገር የመጡ የተማሪ ቤቱ ሹም የዘፈን ፍቅሩን አይተው አደፋፈሩት፤ አያቱ ግን ትምህርቱን ብቻ እንዲይዝ ያስገድዱት ነበር። ኋላ የሀገር ፍቅር ቴአትር ሰዎች ወደ ተማሪ ቤቱ መጥተው ሲዘፍኑ በዓይኑ አያቸው። ከዚያ በኋላ ልጁን የሚይዘው አልተገኘም፤ በእግሩ እስከ ቱሉ ቦሎ ሄደ፤ ተይዞም ተመለሰ፤ በሁለተኛው ጊዜ ዕቃ በጫነ የጭነት መኪና ላይ ተሸሽጎ አዲስ አበባ ገባ። የኋላው ታሪኩ ለሁሉ የታወቀ ነው። አያቱን ልንነቅፋቸው አይገባም፤ ሥጋታቸው የዘመኑ ሥጋት ነበረ። ነገር ግን እንደ ጥላሁን ልበ ደፋር ያልሆኑ፥ ከቱሉ ቦሎ ሲመለሱ በዚያው የቀሩ ልጆች ስንት እንደ ሆኑ ማሰብ ያሻል። በምድር ባቡሩ መሥመር ላይ ባለችው በድሬ ዳዋ የተወለደው ዓሊ ቢራ ደግሞ ዕድሉ ቀና፤ ገና በ13 ዓመቱ አፍራን ቀሎ ከሚባሉት የሙዚቃ ጓደኞች ማኅበር ገባ፤ «ቢራ» የሚለውንም መጠሪያ ያተረፈው በዚያ በልጅነቱ ከዘፈነው ዘፈን ነው። ጎረምሶቹ ታናሻቸውን አላባረሩትም። በኦሮምኛ ዘፈን ከፍ ያለ ስም አግኝቶ ኖሮ በ2015 ዓ.ም. በአዳማ ከተማ አረፈ።

በጣሊያን አገር ስለ ሠዓሊው ስለ ጂዮቶ የሚተረክ ነገር አለ። እረኛ ልጅ ሳለ በጎቹን በድንጋይ ላይ ሲሥል ቺማቡዌ የሚባል ታላቅ ሠዓሊ በመንገድ ሲያልፍ አይቶ ከአባቱ ለምኖ ወሰደው ይባላል። ታሪኩ በመጽሐፍ ሰፍቶ የተጻፈው ጂዮቶ ከሞተ ከ200 ዓመት በኋላ ስለ ሆነ እንደ ተረት ብንይዘው ይሻላል። ቢሆንም አገሬው ተረቱን የወደደበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አንድ መንገደኛ ቆሞ አይቷልና።

እኛም ዘንድ ቆመው ያዩ አልታጡም። በ1925 ዓ.ም. በአንኮበር የተወለዱት አፈወርቅ ተክሌ በልጅነታቸው በከተማቸው ግድግዳ ላይ ይሥሉ ነበር። ኋላ የማዕድን ምህንድስና ይማሩ ዘንድ ወደ እንግሊዝ አገር ተላኩ፤ በዚያ ግን መምህራኖቻቸው የእጃቸውን ሥራ አይተው ወደ ሥዕል ትምህርት እንዲሻገሩ ረዷቸው። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሚታየው 150 ካሬ ሜትር የሚያህል የመስታወት ሥዕል የእሳቸው ሥራ ነው። ያ ሁሉ የተጀመረው በአንኮበር ግድግዳ ነው። እኛ ግን ግድግዳ ያቆሸሸ ልጅ ባገኘን ጊዜ አስቀድመን የምንፈልገው ልምጭ ነው።

ዛሬ አንድ አዲስ ነገር ተጨምሯል። የአዳማ ልጅ በእጅ ስልክ ላይ በአንድ ቀን የሚያየው ሥዕል አያቱ በዕድሜው ሙሉ ካየው ይበልጣል። ይህን ክፉ ነው አልልም፤ በስልኩም ውስጥ ሲሠሩ የሚያሳዩ ሰዎች አሉ። ነገር ግን በስልክ የታየ ሠዓሊ ልጁን መልሶ አያየውም፤ ብርዑን አስይዞ ጣቱን አያቃናለትም፤ ቁራጭ ብራና አይሰጠውም። ደግሞም የፕላስቲክ ጀሪካን እንስራውን፥ የፋብሪካ ሳህን ስፌቱን ከገበያ እያወጣው ስለ ሆነ፥ በየመንደሩ በዓይን የሚታይ ሠሪ ከዓመት ወደ ዓመት እያነሰ ነው። ሥዕሉ በዛ፤ የሚሥለው እጅ ግን ራቀ። ስለዚህ ቀድሞ ቤትና መንገድ ይሠሩት የነበረውን ሥራ ተማሪ ቤቱ ሊይዘው ግድ ሆኗል።

ለዚህም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ከተማሪ ቤቱ ግድግዳ አንዱን ወገን፥ ከነፋስና ከዝናብ የተጠለለውን፥ በጭቃና በአመድ ለቅልቃችሁ ለልጆች ልቀቁላቸው፤ በከሰል ይሣሉበት፥ በወሩ መጨረሻ እንደ ገና ይለቅለቅ። ሌላው ግድግዳ በዚህ ምክንያት ንጹሕ ሆኖ ይኖራል። ከገበያ ቀን በማግስቱ ሸክላ ሠሪዋን ወደ ተማሪ ቤቱ ጥሯት፤ በመምህሩ ወንበር ተቀምጣ ትሥራ፤ መምህሩም ከልጆቹ ጋር መሬት ይቀመጥ። «እመቤቴ» ተብላ ትጠራ፤ ስትሄድም የቀኗን ዋጋ ይከፈላት፤ ልጆች መከፈሏን ይዩ። ሽማግሎችም የመቃብር ሠዓሊውን፥ ሸማኔውን፥ ባለ ክራሩን በየተራው ብታመጡ መልካም ነው፤ መምህር ሲጠራው የሚያፍር ሠራተኛ የመንደሩ ሽማግሌ ሲጠራው ይመጣል። ጥቀርሻና የተቆላ ገብስ ካለ ቀለም አለ፤ መቃ ካለ ብርዕ አለ።

በደብተሩ ጠርዝ የሣለውን ልጅ በተመለከተ ደግሞ፥ ሒሳቡን ከጨረሰ አትንኩት፤ ካልጨረሰ ሒሳቡን ያስጨርሱት፥ ሥዕሉን ግን አይቅደዱበት። ደኅና ሆኖ የተገኘውን ወረቀት መምህሩ ተቀብሎ በጀርባው የልጁን ስም፥ የመንደሩን ስምና ቀኑን ጽፎ በአንድ ሣጥን ያኑረው። ልጁ ተማሪ ቤቱን ሲለቅ ሣጥኑ ይከፈትና ወረቀቶቹ በተራቸው ይሰጡት።